የእናቴ ሳህንና የበዓሉ ትርፍ ከረሜላ

እናቴን ስኳር በሽታ ከያዛት ወዲህ አምቦ ቤታችን ከረሜላ የሚገባው ለእንቁጣጣሽ ብቻ ነው፤ አበባየሆሽ ብለው ለሚመጡ ልጃገረዶች። ባለፈው ዓመት ልጃገረዶቹ ዘፈናቸውን ጨርሰው ከረሜላውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። የጠበቁት ብር ነበር። ብሩን ይዘው ሄዱ፤ ከረሜላው እኛው ጋ ቀረ።

የተረፈው ከረሜላ አላስቀምጥ አለኝ። የእናቴ የእግር ጣት ቁስል ክረምቱን ሙሉ አልደርቅ ብሏል። ሐኪሙም ጣፋጭ ካልተወች ጣቷ ሊቆረጥ እንደሚችል ነግሮናል። እሷ ደግሞ ከረሜላ የምደብቅበትን ቦታ ሁሉ ታውቃለች።

ጎረቤታችን፣ አንዲት ፕሮቴስታንት አስተማሪ፣ ከየቤቱ የተረፈ ከረሜላ ሰብስባ ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት ትወስዳለች። ቤት ያስቸገረንን ነገር በጎ አድራጎት ብለን መጥራታችን ሁሌም ያስቀኛል፤ ጋዜጣ ላይ ጽፌበትም አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ከረሜላውን በእናቴ ጎድጓዳ ሳህን ሞልቼ በሯን አንኳኳሁ።

«ገለቶማ፣ ጋሼ!» ብላ በኦሮምኛ አመስግና ተቀበለችኝ። «ስለ እኛ የጻፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

በማግስቱ ለሥራ ጌዶ ሄድኩ። በምሳ ሰዓት ለእናቴ ደወልኩ።

«ምን እየበላሽ ነው?»

«ምንም።» ከድምፅዋ ጀርባ ላስቲክ ይንኮሻኮሻል።

«እማዬ!»

«ሳህኔን መለሰችልኝ» አለች፣ ደስ ብሏት።

ያኔ ገባኝ። በሰፈራችን የጎረቤት ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ኋላ እንደሰማሁት፣ ከረሜላው ከየቤቱ ስለጎረፈ ነርሶቹ በቃን ብለዋል፤ አስተማሪዋም ከተረፈው ላይ ሳህኑን ሞልታ በገዛ እጇ ለእናቴ አስረክባለች። ይህን ማሰብ ያቃተኝ እዚያው ሰፈር ተወልጄ ያደግሁት ሰውዬ ነኝ። በፌስታል ብወስደው ኖሮ ፌስታል የሚመልስ ማንም የለም።

ወደ አምቦ ልመለስ ወዲያው መናኸሪያ ሄድኩ፤ ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም። ገባሁ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ገባሁ። አንዲት ተሳፋሪ «ወይ ይቀመጡ ወይ ይግፉት!» ብላ ሰው ሁሉ አሳቀችብኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ በፋሻ የተጠቀለለ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ፣ ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ወለሉ ላይ የከረሜላ ልጣጭ ተበትኗል።

«አንድ ብቻ ነው የበላሁት» አለች።

«ይሄ ሁሉ ልጣጭስ?»

«ብዙ ልብስ የደረበ ነበር።»

ሳህኑን ልወስድ ስል በሁለት እጇ ያዘችው። ለጎረቤት ብመልሰው ሞልቶ ይመጣል። ልጣለው ብል፣ እሷ ፊት የሚበላ ነገር አይጣልም። አጠገቧ ተቀመጥኩና መብላት ጀመርኩ፤ አንዱን ሳልውጥ ሌላውን። ጥርሴን ጠዘጠዘኝ።

«ቀስ በል» አለች።

ሁለት በአንድ ጊዜ ጎረስኩ።

«ተው እንጂ! አንተንም ይያዝህ እንዴ?»

ሌላ ላጥኩ። ይሄኔ ሳህኑን ከፊቴ አሽሽታ ከጀርባዋ ሸሸገችው፤ አሁን የምትሸሽገው ከእኔ ነበር። መልሳ አወጣችውና ወደ በሩ ጠቆመችኝ።

«ለሆስፒታሉ ጥበቃዎች ውሰድላቸው» አለች። «በፌስታል አድርገህ።»