እስከ መጨረሻው ክፍል የተደበቀ መርዶ

ልጄ ሞቶ ተቀብሮ ሳለ ጎረቤቶቼ ሰባ ቀን ያህል ማታ ማታ ቤቴ እየመጡ አብረውኝ ድራማ አይተዋል። ዓይናቸውን ውጭ ጠርገው ይገባሉ፣ ከጎኔ ይቀመጣሉ፣ ስስቅ አብረውኝ ይስቃሉ። እኔ ስስቅ ልጄ አፈር ውስጥ ነበር። የተበደልኩት ይህን ነው። ደግ አስበው ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ እሱን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ደግነቱን ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔ በደሉን እጽፋለሁ።

ጳጉሜ በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑ የዓመቱ ምርጥ ድራማ፣ የዓመቱ ምርጥ ዘፈን እያለ ሰውን ያስመርጣል። የልጅ ልጆቼ ስልካቸውን ይዘው ይጨቃጨቃሉ። እኔንም «አኮ፣ አንቺስ የቱን ወደድሽ?» ይሉኛል። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ቤታችን ሁለቱም ቋንቋ ስለሚነገርበት ሌላ ስም የለኝም። እኔ የማስታውሰው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ድራማም ዘፈንም ጆሮዬ ሰምቶት ይሆናል፣ ልቤ ግን አልተቀበለውም።

ያ ዓመት ዓይኔ የበራበት ነው። ሁለቱም ዓይኖቼ በሞራ ተጋርደው ሰውን በድምፁና በአረማመዱ ብቻ ነበር የምለየው። መቱ ላይ የዓይን ሐኪሞች በዘመቻ መጥተው ከቀኝ ዓይኔ ላይ ሞራውን ገፈፉልኝ። ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጫማ ነው፤ ቀይ ነበር፣ አንዱ ማሰሪያው ተፈትቷል፣ ነገርኳት። ከዚያ ምክሩ መጣ። ለአንድ ወር አታጎንብሺ፣ ከባድ አታንሺ፣ ጭስ አይንካሽ፣ አታልቅሺ። አብራኝ የምትኖረው ትልቋ ልጄ ይህን ሰምታ እንደ ጾም ደንብ ያዘችው። ሽንኩርት እንኳ ጓሮ ወጥታ ነበር የምትከትፈው።

ቴሌቪዥን ከዚያ በፊት ለእኔ ራዲዮ ነበር። ማታ አንድ ሰዓት ላይ የሚመጣውን የውጭ አገር ድራማ ለአንድ ዓመት ያህል በጆሮዬ ስከታተለው ኖሬያለሁ። በድምጿ ኮረዳ ትመስለኝ የነበረችው እናት ለካ የእኔው እኩያ ናት፤ አንገቷ ተሸብሽቧል። የሚናገሩት አማርኛ ነው፣ አፋቸው ግን ሌላ ነገር ይላል። ለሦስት ቀን ያህል አናደደኝ፣ ከዚያ ለመድኩት።

ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነው። አባታቸው ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ትልቅ ቤት ትቶ ይሞታል። ታላቁ ኑዛዜውን ይደብቅና ታናሹን ባዶ እጁን ያባርረዋል፤ እናትየዋ መሐል ቤት ትቀራለች። ለሌላው ሰው የፍቅር ድራማ ነበር፤ ለእኔ የክስ መዝገብ ነበር። አንድም ማታ እንዲያመልጠኝ አልፈልግም። መብራት ከጠፋ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሲደግሙት ሥራ ፈትቼ እቀመጣለሁ።

ዓይኔ ከበራ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የመጨረሻ ልጄ ሞተ። ከመቱ ብዙ በማይርቀው ቡሬ ነበር የሚኖረው፤ ሚስት አግብቶ፣ ቡና እየገዛ እየሸጠ። ሁለት ቀን ሆዱን አመመውና አለቀ። እኔ ይህን አላወቅሁም። እሑድ እሑድ ይደውልልኝ ነበርና እሑድ ሲመጣ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። «ቡሬ ኔትወርክ የለም» አለችኝ ልጄ። የሚታመን ነገር ነው፤ በዚያ ዓመት ኔትወርክ ከሚኖርበት ቀን የማይኖርበት ይበዛ ነበር። በሳምንቱ ደግሞ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው አለችኝ። ይህም ይታመናል።

ከቀብሩ በኋላ የእሱን ልጅ አመጡልኝ። አሥር ዓመቷ ነው። ቡሬ ትምህርት ቤታቸው ስለተዘጋ እዚህ ትማር ተባለ። ከእግሬ ሥር በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ድራማው ሲጀመር ቴሌቪዥኑን ትታ እኔን ታየኛለች። «ወደዚያ ዙሪ እንጂ፣ እኔ ላይ ምን ይታያል?» እላታለሁ። ዞር ትልና መልሳ ታየኛለች።

ቤቴ ከዚያ ወዲህ ሰው አልጠፋበትም። በግራ በኩል ያለችው ጎረቤቴ፣ ጴንጤ ናት፣ ድራማ ኃጢአት ነው ስትለኝ የኖረች ሴት፣ በየማታው መምጣት ጀመረች። የእድራችን ዳኛም ዱላውን ይዞ ይመጣል። ዓይኔን ሊጠይቁ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ተራ ገብተው ኖሯል። ገሚሱ ቡሬ ለቅሶ ይደርሳል፣ ገሚሱ እኔን ይጠብቃል፤ እንዳልተነገረኝ ያላወቀ ሰው ገብቶ አፉ እንዳያመልጠው።

«ይኼን ታላቅ ወንድም እኔ ባገኘው» አልኩ አንድ ማታ።

«እርስዎ ዳኛ ቢሆኑ ኖሮ እትዬ፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ ያስሩት ነበር» አለች ጎረቤቴ።

«አንደኛው ላይ ነው የማስረው። ሁለተኛው ላይ ይግባኙን እሰማለሁ።»

«እንግዲያ ድራማው በሦስት ቀን ሊያልቅብን ነው» አለ የእድሩ ዳኛ። «ማታ ማታ የት እንሂድ?»

ሳቅን። እነሱ የዚያን ዕለት ጠዋት ከቡሬ ነበር የተመለሱት።

ያን ማታ ይሁን ሌላ ማታ፣ በድራማው ውስጥ ታናሹ ልጅ ከስደት ለእናቱ ይደውላል። እሷም ስልኩን ደረቷ ላይ ታስጠጋለች። እኔ ተናደድኩ። «እሷስ ልጅ ወለደች» አልኩ። «ባሕር ተሻግሮ ይደውልላታል። የእኔው ቡሬ ተቀምጦ ዓይንሽ በራ ወይ አላለኝም። ልብ የለውም። ድንጋይ ነው የወለድኩት።»

ልጄ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረችው። ትንሿ ልጅ ተነሥታ ወጣች። «ይቺ ደግሞ ድራማ መሐል የት ነው የምትሄደው?» ብዬ ተቆጣሁ። «ሽንት ቤት ነው፣ ተያት» አለችኝ ልጄ። ብዙ ቆይታ መጣች። ፊቷን ታጥባ ነበር።

አዲስ ዓይን ብዙ ያያል። የጎረቤቴ ነጠላ ጥለቱ ወደ ላይ ተዘቅዝቆ እንደ ሐዘንተኛ ተለብሶ አየሁት። «የማን ለቅሶ ነው?» አልኳት።

«የሩቅ ዘመድ ነው፣ እትዬ። እርስዎ አያውቁትም።»

«ወጣት ነው?»

«ወጣት ነው።»

«እናት አለችው?»

እጄን ያዘችኝ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኳት። «እናቲቱን እንዳትተዋት። የልጅ ሞት ሌላ ነው።» በራሴ ሐዘን ሌላ ሰው አስተዛዘንኩ። ይህ የትኛው ሚዛን ላይ ይቀመጣል?

በዚያው ዓመት ሰው ሁሉ የሚወደው አንድ ዘፈን ነበር። ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ አማርኛ ነው። ልጁ ወዳጁን ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ ይላታል፣ በእኛ አገር ደግሞ ዝናብ መቼ ያባራል። ባጃጁ ሁሉ እሱን ያስጮኸዋል። እኔም ለማይመጣው ልጄ ብዬ ማንጎራጎር ጀመርኩ። አንድ ነገር ግን ገረመኝ፤ ባጃጆቹ ደጃፌ ሲደርሱ ድምፁን ይቀንሱታል። ዓይኔን አክብረው ነው አልኩ። ዓይንና ድምፅ ምን አገናኘው ብዬ አልጠየቅሁም። የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ያውቅ ነበር። ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ያላወቅሁት እኔ እናቱ ብቻ ነኝ።

በስልክ የሚመጡ አጫጭር ቀልዶችም ነበሩ። ሚስቱን የሚፈራ ገበሬ መስሎ የሚጫወት ቀልደኛ ነበር፤ ልጄ ስልኳን ይዛ ታሳየኛለች። አንድ ቀን በጣቷ ስታሳልፍ የቡሬው ልጄ ፎቶ ብቅ አለ፤ ከጎኑ ሻማ ያለበት መሰለኝ። ስልኩን ነጥቃ ወሰደችው። «ወንድምሽ ነው እኮ፣ መልሺው ልየው» አልኳት። «ባትሪው አለቀ» አለችኝ። ለአንድ ሰከንድ አየሁት። ሞራው ከጋረደኝ ወዲህ ፊቱን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከሳ ብሏል ብዬ ተጨነቅሁ።

ወሩ አለቀ። ሐኪሙ ዓይኔን አይቶ ድኗል አለ። እዚህ ላይ ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። ይልቁንም ሳይነግሩኝ ሰነበቱና አርባው ሲደርስ ቡሬ ሠርግ አለብን ብለው ተነሡ። እኔም ከሁሩሙ የመጣልኝን ማር አሽጌ ላክሁ። «እናትህ ዓይኗ በርቷል፣ መጥተህ ፊትህን አሳያት በሉት። ካልመጣ ግን ማሬን መልሱልኝ» አልኩ። ማሩ ለተዝካሩ ሆነ። ቄሶቹ ቀምሰው ማሩ ጥሩ ነው አሉ፤ ይህን በኋላ የነገረኝ ሰው ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው።

ከአርባው በኋላ እንንገራት ብለው ተሰበሰቡ። ያኔ አንዱ «ድራማው ሊያልቅ ነው፤ ፍርዱን ትይ፣ ከዚያ እንነግራታለን» አለ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይህን ተስማሙበት። የልጄ መርዶ የባዕድ አገር ድራማ ጠበቀ።

መጨረሻው አርብ ማታ ታየ። ኑዛዜው ተገኘ፣ ታላቁ ተዋረደ፣ ታናሹ ቤቱ ገባ፣ እናትየዋ በአንድ እጇ አንዱን በሌላው ሌላውን ያዘች። አጨበጨብኩ። ዞር ስል ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ ያለቅሳል። የእድሩ ዳኛ ሳይቀር። «ለፈረንጅ እንዲህ ከተለቀሰ ለራሳችሁ ሰው ምን ልታስተርፉ ነው?» ብዬ ቀለድኩባቸው።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ውሻው ጮኸ። በመስኮት አየሁ። ቄሱ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ጎረቤቴ፣ ከኋላቸው ግቢው ሙሉ ሰው፤ የሁሉም ነጠላ ጥለቱ ወደ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ተለብሶ ከመርዶ በቀር የሚመጣ ነገር የለም።

«የትኛው ነው?» አልኩ በሩን ከፍቼ።

«ኦብሲ» አለኝ ዳኛው በኦሮምኛ፤ ቻዪው ማለቱ ነው። «ትንሹ ነው።»

«መቼ?»

ቀኑን ነገሩኝ፤ ሰባ ቀን አልፎት ነበር። እናት እንዲህ ስትባል ወደ ልጇ ትሮጣለች፣ ሬሳው ላይ ትወድቃለች። የምሮጥበት አልነበረኝም። ሐውልቱ እንኳ ተሠርቶ አልቆ ነበር። በበራው ዓይኔ ፊቱን ሳላይ ቀበሩት።

ሲበርድልኝ መጠየቅ ጀመርኩ። ልጄን ለምን አልኳት።

«ለዓይንሽ ብለን ነው፣ እማዬ።»

«ዓይኑ የማን ነው? ብወድ አጠፋዋለሁ። ልጄን ዐይቼበት ይጥፋ።»

አለቀሰች፤ ልጄ ናትና ተውኳት። የእድሩን ሰዎች ግን አልተውኳቸውም። በወሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ቆምኩ። ደንቡን አምጡ አልኩ። «እናት ልጇን እንዳትቀብር የሚል የትኛው ላይ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም፣ እትዬ» አለ ዳኛው።

«ታዲያ ማን ወሰነ?»

ጎንበስ ብሎ ዱላውን እያየ ተናገረ። «መጀመሪያ ለዓይንዎ ነው። በኋላ ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈራን። ዛሬ ነው ብለን እንመጣለን፤ እርስዎ ሲስቁ ስናይ አንድ ቀን እንጨምርላት እንላለን። ቀኑ እንዲህ በዛብን።» ይቅርታ ጠየቁኝ። ይቅር ብያለሁ። ይቅር ማለትና በደል አልነበረም ማለት ግን ለየቅል ናቸው፤ ያንንም በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ አስይዣለሁ።

አንድ ሰው ቀርቶኝ ነበር። ትንሿን ልጅ ለመጠየቅ ዓመት ሙሉ አቅም አጣሁ። ትልልቆቹ ሲዋሹኝ ማታ ማታ ተመልሰው ቤታቸው ገብተው አልቅሰዋል። እሷ ግን አባቷ በሞተ በሳምንቱ እግሬ ሥር ተቀምጣ፣ እኔ አባቷን ልብ የለውም ስል፣ ድንጋይ ነው ስል ሰምታለች። ሰባ ቀን። ከእኔ የባሰ የተበደለችው እሷ ናት፤ ከበዳዮቿ አንዷ ደግሞ እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉሯን እየሠራሁላት ጠየቅኋት።

«እንዴት አስቻለሽ? ለምን ለእኔ እንኳ አልነገርሽኝም?»

ማበጠሪያውን አንሥታ ጥርሱን መቁጠር ያዘች።

«አትናገሪ ብለው አስፈራርተውሽ ነው?»

«አይ።»

«ዓይኔ እንዳይጠፋ ብለሽ ነው?»

«አይደለም።» አንገቷን ደፋች፤ ጉንጉኑ ከእጄ ወጣ። ፊቷን ሳታዞር መለሰችልኝ።

«ቡሬ ሁሉም ሰው አባዬ ሞቷል ይላል፣ አኮ። አንቺ ግን ይመጣል ትያለሽ። ማር ትልኪለታለሽ፣ ትቆጪዋለሽ። እዚህ ቤት ገና አልሞተም ነበር።»