ፎቶ አንሺውን ያከበርን ቀን

ደባርቅ፣ በዓሉ በተደገሰበት አዳራሽ በር ላይ የተሰቀለው ባነር «አንጋፋና ሁለገብ የጥበብ ሰው» ይላል። ድንቄም! ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህችው ከተማ ሲኖሩ ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ባለሱፍ ከጎናቸው ፎቶ ለመነሣት ይጋፋል።

እውነቱን ለመናገር ክብሩስ ይገባቸዋል። እዚህ አገር መጀመሪያ ፎቶ ቤት የከፈቱ እሳቸው ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥሉ፣ በገና ይደረድሩ፣ የየሱቁን ማስታወቂያ በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ካሜራቸውን በበቅሎ ጭነው አምባራስ ድረስ ይሄዳሉ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ዳባት ይወርዳሉ። እናቴን ያነሷት ዳባት ነው። እኔ ጡት ሳልጥል ሞተች፤ ቤት የነበረውን አንድ ፎቶዋንም በጣራው የገባ ዝናብ አበላሸው። መልኳን አላውቀውም። ሽማግሌው ግን ያነሡትን ሰው ሁሉ ኔጋቲቭ፣ ፎቶው እንደገና የሚታጠብበትን ፊልም፣ በቆርቆሮ ሣጥን ያስቀምጡ ነበር። የበዓሉ ኮሚቴ ሣጥኑን ለኤግዚቢሽን ብሎ ከቤታቸው እንደወሰደው ስሰማ፣ በበዓሉ ቀን በመጀመሪያው ሚኒባስ ከዳባት መጣሁ።

ፎቶ የተሰቀለበትን ግድግዳ ዞርኩት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከሽማግሌው ጋር፣ ምክትሉ ከሽማግሌው ጋር፣ ሰብሳቢውና ምክትሉ ያለ ሽማግሌው። ሁሉም በስልክ የተነሣ። እሳቸው ያነሡት አንድም የለም።

«ኔጋቲቮቹስ?» አልኩት ሰብሳቢውን።

«እነዚያ ፕላስቲኮች?» አለ ክራቫቱን እያስተካከለ። «ተበላሽተዋል እኮ፣ እህቴ። የሰዎቹ ፀጉር ነጭ፣ ነጠላቸው ጥቁር! አዳራሹ ሲጸዳ ከቆሻሻው ጋር አቃጠልናቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሣጥኑ ግን አለ። የታሸገ ውኃ አስቀምጠንበታል።»

ደሜ ፈላ። ኔጋቲቭ ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ እንደሚታይ የማያውቅ ሰው፣ የፎቶ አንሺ በዓል ሰብሳቢ! ኧረ ወዲያ! የአፉን ልሰጠው ስል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሽማግሌው መድረክ ላይ ወጥተው ማይኩን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ሣጥኔ በተማረ ሰው እጅ ገባልኝ» አሉ። «ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝም። የዘመዶቻችሁ መልክ እዚያ ውስጥ አለ፤ እየመጣችሁ አሳጥቡ።»

ሰብሳቢው ከሁሉም አስበልጦ አጨበጨበ። እፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ከመድረክ ሲወርዱ ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩና የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። የሄድኩት ጉዱን ላፈርጠው ነበር፣ እምላለሁ። እሳቸው ግን እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

«የዳባቷ! አገኘሻት?»

ሰብሳቢው ከኋላዬ ቆሟል። ላብ አጥምቆታል።

«አገኘኋት፣ አባቴ።»

«ዝም በዪ ብላት አልሰማ ብላ፣ እየሳቀች ነው ያነሣኋት። ሳቋ ወጥቷል?»

እናቴ ሳቂታ እንደነበረች እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም።

«ወጥቷል» አልኳቸው።