ለጋሽ ሰይድ ዓይን የሚሆን መነጽር

መኪናው ውስጥ ሦስት ነበርን። መሪው ላይ ራህማ፣ ከጎኗ አባቷ ጋሽ ሰይድ፣ ከኋላ ደግሞ እኔ ዮናስ፣ ሁለት የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽሮች በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬ። የተኩስ መለማመጃ ሜዳው ላይ አራተኛ ሰው ተጨመረችልን፤ የሜዳው ተቆጣጣሪ ሊንዳ።

የሄድንበት ጉዳይ ይህ ነው። ጋሽ ሰይድ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር እኔ በምኖርበት ሕንፃ፣ ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ይኖራሉ። የጭነት መኪና ሾፌር ሳሉ አንድ የሥራ ባልደረባቸው አደን አስተማራቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ አጋዘን ያድናሉ። አምና ግን አንድ አጋዘን አቁስለው ጠፋባቸው። አብሬያቸው ነበርኩ። ደሙን ተከትለን ረግረጉ ድረስ ሄድን፤ እዚያ ዱካው ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዓይኔ ደክሟል፤ በጥርጣሬ ነፍስ ላይ አልተኩስም» ይላሉ። ጠመንጃቸውን ከሚገዛ ሰው ጋርም ለእሁድ ተቀጣጥረዋል።

እኔ የለመንኳቸው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። ችግሩ ከዓይናቸው ሳይሆን ከጠመንጃቸው አሮጌ መነጽር ሊሆን ይችላል ብዬ። ብዙ ካሰቡ በኋላ አንድ መለኪያ አስቀመጡ፤ በሁለት መቶ ሜትር ላይ አምስት ጥይት መዳፋቸው በሚሸፍነው ቦታ ካስገቡ ጠመንጃው አይሸጥም፤ ካላስገቡ ይሸጣል።

ጠዋት 7:30፣ ከቤት ስንወጣ

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየሁ፤ ምላጩን ቆለፍኩ፤ ሳጥኑን ዘግቼ ከመኪናው ኋላ አስገባሁ። ጋሽ ሰይድ ሳጥኑን ሊያነሡ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ቀደምኳቸው።

«ዮኒ፣ አባቴን እንደ እንቁላል ነው የምትይዘው» አለች ራህማ።

«ተይው፤ ያሳደጉት ሰዎች ናቸው» አሉ አባቷ።

ቶርንክሊፍ ፓርክ የተባለው ሰፈር ቆመን ስድስት ሳምቡሳ ገዛን፤ አንዱ በዶላር ከሃምሳ። ገና ትኩስ ስለነበሩ ከረጢቱ ላብ አውጥቷል። ከዚያ በሸለቆ ውስጥ የሚያልፈውን የዶን ቫሊ አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ሰሜን ወጣን። የሸለቆው ዛፎች ግማሾቹ ቀልተዋል፣ ግማሾቹ ገና አረንጓዴ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት በመሆኑ መንገዱ ክፍት ነበር።

ስለ መነጽር የማውቀውን ማንም አላስተማረኝም። በምሠራበት መጋዘን ውስጥ በእረፍት ሰዓቴ እያነበብኩ፣ ርካሽ መነጽሮችን እየፈታሁና እየገጠምኩ የተማርኩት ነው። ስለዚህ የያዝኳቸውን ሁለቱን ለጋሽ ሰይድ በዝርዝር አስረዳሁ። ትልቁ የራሴ ነው። እስከ ሃያ አምስት እጥፍ ያቀርባል፤ የፊት መስታወቱ ሃምሳ ሚሊሜትር ነው፤ ሩቅ ያለ የወረቀት ኢላማ የምተኩስበት ነው። ትንሹን ያገለገለ ገዛሁት። ከሦስት እስከ ዘጠኝ እጥፍ ያቀርባል፤ የፊት መስታወቱ አርባ ነው፤ ክብደቱ የትልቁን ግማሽ አይሞላም። የእኔ ምርጫ ትልቁ ነበር። ዓይን ከደከመ ይበልጥ ማቅረብ ነው መፍትሔው ብዬ አምኛለሁ።

ጋሽ ሰይድ በጥሞና ሰሙኝ። «ሃያ አምስት እጥፍ ካቀረበው አጋዘኑን ምን ላደርገው ነው? ጥርሱን ልቁጠርለት?» አሉ።

ራህማ እየሳቀች መታጠፊያውን አለፈችው። «ሶሪ፣ ጂፒኤሱ ሪራውት አድርጓል። አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የጨመረው።»

ከአውራ ጎዳናው ስንወርድ የእርሻ ማሳዎች ጀመሩ። በየመንገዱ ዳር ዱባ ተደርድሮ ይሸጣል። የመጨረሻው ሦስት ኪሎ ሜትር ጠጠር ነው።

9:15፣ ተኩስ ሜዳው

ሊንዳ ስልሳዎቹን የጀመረች፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ሴት ናት። ፈቃዳችንን አየች፤ የእንግዳ ክፍያ ሃያ ሃያ ዶላር ተቀበለች፤ ሕጉን ነገረችን። ቀይ መብራት ሲበራ ማንም ጠመንጃ አይነካም። አረንጓዴ ሲሆን ይተኮሳል።

በመቶ ሜትር፣ በትልቁ መነጽር ጀመርን። መነጽሩን አሰርኩ፤ የአሸዋ ከረጢቱን አመቻቸሁ፤ እኔው በራሴ ተኩሼ ጥይቱ መሃል እንዲመታ አስተካከልኩ። የመነጽሩን በዓይን በኩል ያለውን ቀለበት አዙሬ የማነጣጠሪያ መስመሮቹን ጥርት አደረግኋቸው። ከዚያ ወንበሩን ለጋሽ ሰይድ ለቀቅኩ።

«ይታይዎታል?»

«ይታያል። ጥሩ ነው።»

አምስት ጥይት ተኮሱ። ቀዳዳዎቹ አሥራ ስምንት ሴንቲሜትር ያህል ተበታትነው ነበር። መነጽሩን ቀይሬ ትንሹን አሰርኩ፤ በተመሳሳይ መንገድ አስተካከልኩ፤ መስመሮቹን አጠራሁ። «ይታይዎታል?» «ጥሩ ነው።» አሁንም አሥራ አራት ሴንቲሜትር። በሁለት መቶ ሜትር ይህ እጥፍ ይሆናል።

ጋሽ ሰይድ የጆሮ መከላከያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «በቃ ዮናስ። አንተ የምትችለውን አድርገሃል። እጄም ዓይኔም እምቢ ብሏል።»

ራህማ አንድ ሳምቡሳ አውጥታ ሰጠቻቸው። ተቀበሉ እንጂ አልበሉትም።

ሊንዳ ከኋላችን ቆማ ስታየን ቆይታለች። ቀዩን መብራት አብርታ መጣችና ጠየቀችኝ፤ «ጠመንጃው የማን ነው?»

«የእሳቸው።»

«ታዲያ ከምላጩ በቀር ምንም ሲነኩ አላየሁም። ሁሉንም የምታደርገው አንተ ነህ። በዓይን በኩል ያለውን ቀለበት ያስተካከልከው ለማን ዓይን ነው?»

ያስተካከልኩት ለራሴ ዓይን ነበር። ቀለበቱ ለእያንዳንዱ ሰው ዓይን ለየብቻ የሚስተካከል መሆኑን አንብቤዋለሁ፤ ለሰው አስረድቼዋለሁም። ግን አንድ አባት ቆመው ዕቃ ሲያስተካክሉ እኔ እጄን አጣጥፌ ማየት አይሆንልኝም። አዘጋጅቼ ነው የማቀርብላቸው። የእኔ ዓይን ደግሞ የሃያ ስድስት ዓመት ዓይን ነው።

ወደ ጋሽ ሰይድ ዞርኩ። «መስመሩ ይጠራልዎት ነበር?»

«ብዥ ይላል» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እንደዚያ ጎንበስ ቀና ብለህ ስትለፋ፣ አይታየኝም ብዬ ልመልስህ?»

«አባ» አለች ራህማ፣ «ሲሪየስሊ?»

ጥያቄውን መጠየቅ አልፈለግኩም፤ ግን ጠየቅኩ። «አምናስ? አሮጌውን መነጽር ሳዘጋጅልዎት?»

ኢላማውን እያዩ መለሱልኝ። «ያኔም ብዥ ይል ነበር።»

ያንን አጋዘን ቆስሎ ረግረግ ውስጥ ያስቀረነው ሁለታችን ነን። እኔ ባለመጠየቄ፣ እሳቸው ባለመናገራቸው። ይህን እዚህ የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው።

10:40፣ እንደገና

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሊንዳ አረጋግጣ በመነጽሩ ወደ ጥርት ያለው ሰማይ እንዲያዩ ነገረቻቸው፤ ራህማ ተረጎመችላቸው። ሁለት ሰከንድ ያዩና ዓይናቸውን ያነሣሉ፤ ቀለበቱን ትንሽ ያዞራሉ፤ እንደገና ያያሉ። አፍጥጦ መቆየት አይረዳም፤ ዓይን ራሱ ብዥታውን ሊያስተካክል ይሞክራልና። ቀለበቱ ከእኔ ልክ አንድ ዙር ከሩብ ራቀ።

«አሃ» አሉ። «ክር ነው እንዴ? እኔ ገመድ ነበር የመሰለኝ።»

ሁለቱንም መነጽር በዚህ መንገድ ሞከሩ። በትልቁ፣ ሃያ አምስት እጥፍ ላይ፣ ራሳቸውን ትንሽ ሲያንቀሳቅሱ ምስሉ ይጠቁርባቸዋል። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው፤ ሃምሳ ለሃያ አምስት ሲካፈል ሁለት ነው፤ ወደ ዓይን የሚመጣው የብርሃን ክብ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ነው። በትንሹ፣ ዘጠኝ እጥፍ ላይ፣ ከአራት ሚሊሜትር በላይ ይሆናል። የዓይን መነጽር ላደረገ፣ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ዛፍ ሥር ለተቀመጠ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ጠዋት መኪና ውስጥ የሰጠሁት ምክር ስህተት ነበር። እኔ ለወረቀት የመረጥኩት ለአጋዘን አይሆንም።

በትንሹ መቶ ሜትር ላይ አምስቱም አራት ሴንቲሜትር ውስጥ ገቡ። ወደ ሁለት መቶ አለፍን። በየጥይቱ መካከል አፈሙዙ እንዲቀዘቅዝ ሁለት ደቂቃ እንጠብቅ ነበር፤ ሰዓት የያዘችው ራህማ ነበረች። መብራቱ ቀይ ሲሆን ሁላችንም ወደ ኢላማው ሄድን። ጋሽ ሰይድ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ ዘረጉ። አራቱ ተሸፈኑ። አምስተኛው ከአውራ ጣታቸው ሥር ግማሹ ታየ።

«ገብቷል» አለች ራህማ።

«ግማሹ ውጭ ነው።»

«አባ፣ ካም ኦን። እጅህን ትንሽ ገፋ አድርገው።»

«አጋዘኑን ገፋ በልልኝ ልበለው?» አሉና አዲስ ወረቀት ጠየቁ።

ሁለተኛውን ዙር ቀስ ብለው ተኮሱ። ከአምስተኛው ጥይት በፊት ራሳቸውን ቀና አድርገው ዓይናቸውን አሳረፉ፤ የማልሰማውን ነገር አጉተመተሙ፤ ተመልሰው ጎንበስ አሉ። ኢላማው ጋ ስንደርስ መዳፋቸውን ዘረጉ። ምንም ቀዳዳ አልታየም። እጃቸውን ወዲያው አላነሡም።

«ራህማ፣ ለገዢው ሰውዬ ቴክስት አድርጊለት። ነገ እንዳይለፋ።»

ከሰዓት 2:20፣ ቤት

ስንመለስ ዶን ቫሊ ተጨናንቆ ስለነበር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀብን። ጋሽ ሰይድ የቀዘቀዘውን ሳምቡሳ በልተው መኪናው ውስጥ ተኙ። ስንደርስ ሳጥኑን ራሳቸው አወረዱ። እኔ በሩን ብቻ ያዝኩላቸው።

መነጽር መምረጥ ለምትፈልጉ የተማርኩት ይህ ነው። ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት የሚያይበትን ሰው እዩ። የሚያድንበትን ርቀት፣ የዓይኑን ሁኔታ፣ የሚለብሰውን ጠይቁ። በዓይን በኩል ያለውን ቀለበት ባለቤቱ ራሱ ያዙር፤ አባታችሁ ቢሆኑም።

ይህን የጻፍኩት ከማስታወሻ ደብተሬና ከትዝታዬ ነው። ራህማ፣ የሰዓቱን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ፤ ካሳሳትኩ አርሚ፣ ሊንዳ ስትሰናበተን ያለችውንም ጨምሪበት፤ እኔ ራቅ ብዬ ነበር። ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎም ያዩትን ይጨምሩልኝ። ያልተዋጠልዎት መስመር ካለ ግን፣ እባክዎ፣ «ጥሩ ነው» አይበሉኝ።