የቅዳሜዋ ተሳፋሪ

ሽማግሌው አናስታሲዮ ጀልባውን ከሸጠ በኋላም ቅዳሜ ሲመጣ እግሩ ወደ ፓራና ወንዝ ይወስደዋል። ድሮ ትንሿ ግራሲየላ ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ ቅዳሜን አባቷ ዘንድ እንድትውል ዳኛው ሲፈርዱ፣ ወንዙን የሚያሻግራት እሱ ነበር። የተፋቱት ወላጆቿም በእሱ አፍ ይሰዳደቡ ነበር።

«ያ ሰካራም ልጄን ጦሟን እንዳያውላት በለው!» ትላለች እናትየው።

አናስታሲዮ ማዶ ሲደርስ፣ «ምሳ መሥራት ታውቅበታለህ ብላሃለች» ይላል ለአባትየው።

ዛሬ ግራሲየላ ወንዙ ዳር አገኘችው። እሷም ተፋታለች።

«አባባ፣ እናቴ ያለችውን ሁሉ እሰማ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ምነው ሳታጋልጪኝ?»

«አባቴ የእርስዎን ሰምቶ ምሳ ለመሥራት ጉድ ጉድ ሲል ደስ ይለኝ ነበራ!» ሳቀች። «የእኔን ልጅ የሚያሻግራት ሰውዬ ግን እኔና አባቷ የምንባባለውን አንዲት ሳያስቀር ያደርሳል።»