ቅርንጫፎቹን የተከላቸው ማነው

ሳይሚ ፒሪነን ስትቆጣ አትጮህም፤ ትራመዳለች። ኩኦፒዮ በምትባለው የሐይቅ ዳር ከተማ የሚያውቋት ሰዎች አካሄዷን ከሩቅ አይተው መንገድ ይለቁላታል። በወጣትነቷ ዓሣ በውስጡ ያለበት ዳቦ ትጋግርበት በነበረው ቤት አሠሪዋ ክፉ ቃል ቢናገራት፣ በዚያ ብርድ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጥታ ከተማውን ዞረችና፣ ተመልሳ ምንም እንዳልተፈጠረ ሊጧን ማቡካት ቀጠለች ይባላል። ባሏ ታውኖ «የእኔ ሚስት ንዴት የሚለካው በጫማ ሶል ነው» እያለ ይስቅ ነበር።

ታውኖ መስከረም ላይ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ለቀብር የመጣው ሰው ቡናውን ጠጣ፣ እጇን ጨበጠ፣ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስሙን የሚያነሳ ጠፋ። በሐይቁ ዳር ሐዘንተኛ የሚከበረው በመተው ነው፤ ቁስሏን አንንካባት ይላሉ። ሳይሚ ራሷም ሰው በሞተበት ሁሉ እንዲሁ ስታደርግ ኖራለች። ተራው የእሷ ሲሆን ግን መከበሩ አንገበገባት። ገበያ ስትወጣ ስለ ብርዱ ያወሯታል፣ ስለ ዓሣው ያወሯታል፤ ታውኖ የሚባል ሰው በምድር ላይ ያልነበረ ይመስል። አጥር የሚያዋስናት ጎረቤቷ ሱሎ ደግሞ የባሰ ሆነ። ዕድሜ ልኩን ከታውኖ ጋር በአንድ ጀልባ ያጠመደ ሰው፣ በረዶ ሲጠርግ ብቅ ስትል ካየ አካፋውን ይዞ ወደ ጓሮ ይዞራል። ቂም ይዞብኛል ብላ ደመደመች። በምን እንደሆነ ባታውቅም እሷም ያዘችበት።

የቀራት ነገር መንገዱ ነበር። ሐይቁ በብርድ ረግቶ በረዶ ሲሆን ከእነሱ መንደር እስከ ከተማው ወደብ በግግሩ ላይ በእግር ይኬዳል፤ በየብስ ዞሮ ከመሄድ እጅግ ያጥራል። ነገር ግን ጭጋግ ሲወርድ ወይም ነፋስ በረዶውን ሲያነሳው ሐይቅ ላይ ግራና ቀኝ የለም። ስለዚህ በየክረምቱ አንድ ሰው ግግሩን እየበሳ የጥድ ቅርንጫፍ ይተክላል፤ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ ቅርንጫፉ እስከ ጸደይ ቆሞ መንገደኛውን ይመራል። የሚያዝዘው የለም፣ የሚያመሰግነውም የለም፤ የተተከለውን ደግሞ ማንም አይነካም። ያ ሰው ታውኖ ነበር። መንገዱም በቀጥታነቱ ይታወቃል፤ ከጀልባ ማሰሪያቸው ተነስቶ የካቴድራሉን ጫፍ እያየ እንደ ተወጠረ ገመድ ይሄዳል።

ዘንድሮ ሳይሚ ራሷ ልትተክለው ቆርጣ ነበር። ቅርንጫፎቹን ቆርጣ ከምራለች። የዘገየችው ግግሩ እስኪጠነክር ነው፤ እንዲያ ነበር ለራሷ የምትለው። እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ሰው በሯን አንኳኩቶ «የታውኖን መንገድ ዘንድሮ ምን እናድርገው?» እንዲላት እየጠበቀች ነበር። ያንኳኳ የለም።

ጥር ላይ አንድ ቀን ረፋዱን መሰርሰሪያውን ተሸክማ፣ ቅርንጫፎቹን በገመድ እየጎተተች ወደ ዳርቻው ወረደች። ቀድሟት የተከለ ሰው አለ። ቅርንጫፎቹ አመዳይ ለብሰው ተሰልፈው ቆመዋል። ዓይኗን አሻግራ ስታይ፣ መንገዱ ከትንሿ ደሴት አጠገብ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እንደ ሰካራም ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ፣ ከደሴቷ ወዲያ ተመልሶ መስመር ይይዛል። ታውኖ በሕይወቱ አጣሞ ተክሎ አያውቅም።

«የመቃብሩ አፈር እንኳ ሳይደርቅ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ሸክሟን እዚያው ጥላ፣ ባለ ብረት ጫፍ ዱላዋን ብቻ ይዛ፣ የጠመመውን መንገድ እየረገመች ተከትላ ከተማ ገባች።

ወደቡ ላይ መጀመሪያ የገባችው የአጥማጆች ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነው። ቅርንጫፎቹን የተከላቸው ማን እንደሆነ ባለሱቁን ጠየቀችው። ተተክለዋል እንዴ አላት።

«ሱሪህ ላይ የጥድ ቅጠል ተጣብቋል» አለችው። «በዚያው ነው የመጣኸው።»

ሰውዬው ዝቅ ብሎ ሱሪውን አየና፣ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አለ። የአገሩ ሰው እንዲህ ነው፤ ጥያቄህን ተቀብሎ መልሱን ለራስህ ያሸክምሃል። ሳይሚ በሩን እንደ ከፈተችው ትታለት ወጣች። ለሱቅ ሙቀት ይህ ትልቅ ስድብ ነው።

ሽቅብ ወደ አደባባዩ ወጣች። ጣራ ላይ የቆሙ ሠራተኞች በረዶውን በአካፋ ወደ ታች ይገፋሉ፤ ሰው እንዳያልፍ እግረኛ መንገዱ ላይ እንጨት አጋድመዋል። እንጨቱን ተራምዳ አለፈች።

«እማማ፣ ጭንቅላትዎን አይፈልጉትም?» አለ አንዱ ከላይ።

«ካንተ ይልቅ ይጠቅመኛል» አለችው ቀና ሳትል።

የገበያ አዳራሹ ውስጥ ዓሣ ሻጩን ጠየቀች፤ እኔ በአውቶቡስ ነው የምመጣው አላት። ታውኖን ዘወትር ይላጨው የነበረውን ፀጉር አስተካካይ ጠየቀች፤ ብርዱ ይበረታል ይላሉ አላት። በባቡር ጣቢያው በኩል ወርዳ፣ በካቴድራሉ ዞራ፣ አሸዋና ጠጠር በተበተነበት እግረኛ መንገድ ላይ እያንኮሻኮሸች ሄደች። በዚህ ከተማ ታውኖ ቆሞ ያላወራበት ጥግ የለም። እዚህ ጋ የአንዱን ጀልባ ነቅፏል፣ እዚያ ጋ በአንዱ ኮፍያ ስቋል። አሁን ሁሉም ቦታ አፉን ዘግቷል። ብርዱ ቅንድቧን አነጣው፤ ውስጧ ግን እንደ ምድጃ ይነድ ነበር።

በመጨረሻ ሄልቪ ጋ ደረሰች። ሄልቪ የመንደሯ ሰው ናት፤ አደባባዩ ላይ በሸራ ድንኳን ውስጥ ቡናና ትኩስ ዶናት ትሸጣለች።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አለቻት ሳይሚ።

«እኔ ብዙ ነገር አውቃለሁ» አለች ሄልቪ ቡና እየቀዳች። «ዶናት ብዪ።»

«ዶናት አልጠየቅኩሽም።»

«ፊትሽ ጠይቋል።»

ሳይሚ ዶናቱን አልነካችም። ሄልቪ ድንኳኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች፤ ጎህ ሳይቀድ ተክሎ የሄደ ሰው ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም አለች። ቀጥላ ሳታስበው፣ አካፋውን ይዞ ከሰው የሚሸሽ ዓይናፋር ምን ይደረጋል ብላ፣ ወዲያው አፏን በጓንቷ ያዘች። ጊዜው አልፏል። ሳይሚ ስኒውን አስቀምጣ መራመድ ጀምራለች።

ሱሎ። ሰላምታ የነፈጋት ሰው የባሏን መንገድ ወሰደ። ወስዶም አጣመመው።

ግግሩ ላይ ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ከደሴቷ አጠገብ፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ጋ ስትደርስ ቆመች። የተተከለ አይነካም፤ ይህን በልጅነቷ ነው የተማረችው። የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ቀጭ አድርጋ ሰበረችው። ሁለተኛውን ደገመች። መጠምዘዣው ጋ የነበሩትን አንድ በአንድ ሰብራ ወረወረችና፣ ታውኖ ይሄድበት በነበረው ቀጥተኛ መስመር ማንም ያልረገጠውን በረዶ እየጣሰች ሄደች። ደስ አላት። ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ጥቂት እንደሄደች የበረዶው መልክ ግራጫ ሆነ። ከእግሯ ሥር የሚሰማው ድምፅም ተለወጠ። ዱላዋን ፊት ለፊቷ ብትወጋ፣ ዱላው ምንም ሳይገታው ሰምጦ ጥቁር ውሃ ፈለቀ። ሳይሚ ባለችበት ቆመች። ከዚያ ሳትዞር፣ ዱካዋን በተረከዟ እየፈለገች ወደ ኋላ መመለስ ጀመረች።

ዞር ስትል ሄልቪን አየች። ድንኳኗን ዘግታ ወደ ቤቷ እየመጣች ነው፤ ከኋላው ቆመው በአንድ እግር እየገፉ በሚነዱት የበረዶ ወንበሯ ላይ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ጆሮዋን በሻርፕ ጠምጥማ። መጠምዘዣው ጋ ስትደርስ ቅርንጫፍ የለም፤ አዲስ ዱካ አለ። የሐይቅ ሰው ዱካ ያምናል። ዱካውን ይዛ በቀጥታ ገባች።

ሳይሚ ዱላዋን አወዛወዘች። ሄልቪ ሰላምታ መስሏት እጇን አነሳችና ይበልጥ ገፋች። ሳይሚ ሮጠች። መሃል መንገድ ላይ ወንበሩን በትከሻዋ ገጭታ ገለበጠችው፤ ሁለቱም ተደራርበው ወደቁ፣ ወንበሩ ላይ ተጭኖ የነበረው የቡና ማፍያ እየተንከባለለ ሄደ። ጥቂት ተንከባሎ ግራጫው በረዶ ላይ ሲደርስ ጥልቅ ብሎ ውሃው ውስጥ ጠፋ።

ሄልቪ ለስድብ የከፈተችውን አፏን ዘጋች።

ሱሎ ከመስኮቱ አይቶ ኖሮ፣ ገመድ በትከሻው መሰርሰሪያ በእጁ ይዞ እያለከለከ ደረሰ። ሁለቱን ሴቶች አየ፣ የተሰበሩትን ቅርንጫፎች አየ፣ ጥቁሩን ቀዳዳ አየ።

«ብርዱ ጠንከር ብሏል» አለ።

«ስለ ብርድ ካወራኸኝ በዚህ ዱላ ነው የምልህ» አለች ሳይሚ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። «ለምን አጣመምከው?»

«የሐይቁን ድልድይ ካደሱት ወዲህ ውሃው አቅጣጫ ለውጦ እዚህ ጋ ይሮጣል። ግግሩን ከሥር ይበላዋል።»

«ማን ነገረህ?»

ሱሎ ሄልቪን አየ። ሄልቪ ጉልበቷን ማሸት ጀመረች።

«እሱ» አለ።

«እሱ ማን? ስም የለውም?»

ሱሎ መሰርሰሪያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ታውኖ» አለ በመጨረሻ። አንዴ ስሙን ካነሳ በኋላ ሌላው ተከታትሎ መጣ። ነሐሴ ላይ መረብ ሲጥሉ ታውኖ ውሃው የሚሮጥበትን በመቅዘፊያው አሳይቶታል። መንገዱን ማጠፍ ሊኖርብኝ ነው ብሎ ተናዷል። ከዚያ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። ይህ ልብ ክረምቱን የሚያሻግረኝ አይመስለኝም፤ እኔ ካልኖርኩ አንተ ትከለው፤ ለሳይሚ ግን እንዳትነግራት አለው።

«ለዚህ ነው ዓይንሽን ማየት ያቃተኝ» አለ ሱሎ። «ምን ብዬ?»

ሳይሚ ብድግ አለች።

«ላንተ ነገረህ!» አለች። ከዚያ ሱሎን ትታ ወደ ሐይቁ ዞረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ በእግሯ ስትበላው የኖረችው ንዴት ለመጀመሪያ ጊዜ በአፏ ወጣ። «አጠገቤ እየተኛህ፣ ሾርባዬን እየበላህ፣ ለእኔ ብርዱ ነው ያሳለኝ ትላለህ! ለሱሎ ትነግራለህ! ውሸታም!»

«ውሸታም አልነበረም» አለ ሱሎ።

«ነበር!»

«ፈሪ ነበር እንጂ» አለች ሄልቪ ከመሬት። «አንቺን ነበር የሚፈራው። ማን የማይፈራሽ አለ?»

ሳይሚ የተሰበሩትን ቅርንጫፎች ከበረዶው እየለቀመች መጥታ ሱሎ እግር ሥር ጣለቻቸው። እሱ በሳ፤ እሷ ተከለች፣ እርጥቡን በረዶ በጓንቷ ጠቀጠቀች። ሄልቪ የማንን ቡና ማፍያ እንደበላው ለሐይቁ እየነገረች ወንበሯን አቀናች።

«ይህኛው ዘሟል» አለች ሳይሚ።

«መንገዱ'ኮ ተጣሞ ነው የሚሄደው።»

«መንገዱ ይጣመም እንጂ እንጨቱ ለምን ይዘማል? ታውኖ ቢሆን እንዲህ አይተክልም።»

«ታውኖ ቢሆን» አለ ሱሎ፣ «ግማሹን ለእኔ ትቶ እስካሁን ቡናውን ይጠጣ ነበር።»

ሐሰት ነው አለች ሳይሚ፤ ባሏ የጀመረውን ሥራ ትቶ አያውቅም። ሱሎ ታውኖ ቀብቶ ያልጨረሰውን የጀልባ ቀለም አነሳባት፤ እሷ የመረቡን ነገር አነሳችበት። ሄልቪም ታውኖ ስንት ዶናት በዱቤ እንደበላ የማላውቅ መስሏችኋል ወይ ብላ ገባችበት። የሱሎ መሰርሰሪያ ደነዝ ነበር፤ ሥራው ረጅም ነበር። እየተጨቃጨቁ ወደ ዳርቻው ሲቃረቡ ድምፃቸው መንደሩ ድረስ ይሰማ ነበር፤ አንዱ «ታውኖ» ሲል ሌላው «ታውኖማ» እያለ።