የሰባተኛው ጣቢያ ዜሮ

ባሌ አግደው እንኳን ሰውን ማሽንንም አያታልልም ብዬ ስንቴ ምዬለታለሁ። አንድ አመሉ ብቻ አይገባኝም ነበር። ቅዳሜ ከጸሎት ሲመለስ ቶሎ ቤት አይገባም፤ ደረጃው ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል።

በፈረንጆቹ 1993 እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ድርጅት ይሠራ ነበር። በኢትዮጵያ ጦር ራዳር ላይ ስለሠራ ነው የቀጠሩት። ኮምፒዩተር ላይ የውሸት ራዳሮች ይደረድራል፣ የውሸት አውሮፕላን ይልክባቸዋል፤ አንዱ ጣቢያ ቢመታ ጎረቤቶቹ ክፍተቱን ይሸፍኑ እንደሆነ ፕሮግራሙ ያሰላል። እኔ «የዕቃ ዕቃ ጦርነት» እያልኩ አበሽቀው ነበር።

አንድ ሐሙስ አለቃው ኦዴድ ጥቅል ወረቀት ይዞ ቤታችን መጣ። ያቀረብኩለትን ሻይ ሳይነካ ወረቀቱን ዘረጋው።

«አግደው፣ መቶ ጊዜ አስኬድነው። ሌሎቹ ሁሉ ይመታሉ፣ ሰባተኛው ጣቢያ አንዴም አይመታም። የመመታት ዕድሉን ዜሮ ብለህ ያስገባኸው አንተ ነህ። ለምን?»

«እዚያ ሰው አለ» አለ አግደው።

«ፕሮግራም ውስጥ ምን ሰው አለ?»

«መንበሩ።»

ስሙን አውቀዋለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ በእንቅልፍ ልቡ ሲጠራው ሰምቻለሁ፤ መልሱን ፈርቼ ግን ማነው ብዬ አልጠየቅሁም።

ያን ቀን ተናገረ። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከመንበሩ ጋር አንድ የራዳር ጣቢያ ላይ ይፈራረቁ ነበር። አግደው ቤተ እስራኤል ነውና ሰንበትን እንዲያከብር ቅዳሜን መንበሩ ይይዝለታል፤ መንበሩ ቤተ ክርስቲያን እንዲስም እሑድን አግደው ይይዝለታል። አዛዡ ይህን አያውቅም፤ መዝገቡ ላይ ቅዳሜ የአግደው ተራ ነው። አንድ ቅዳሜ አግደው ከጣቢያው በታች ቁልቁለቱ ሥር ጸሎት ላይ ሳለ፣ አውሮፕላን ተራራ ተከልሎ መጥቶ ጣቢያውን አጋየው። የሚለይ ሬሳ አልተገኘም። ስለዚህ መዝገቡን አይተው አግደው ሞተ፣ መንበሩ ከድቶ ጠፋ ብለው ጻፉ። የሞተ ሰው የሚፈልገው የለምና አግደውም ዝም ብሎ ወደ ጎንደር፣ በኋላም ወደ ሱዳን ሄደ።

«እናቱ እማማ ሙሉሽ የከሃዲ እናት ተባሉ» አለን። «ሱዳን ያገኘሁት የአገራቸው ሰው ነው የነገረኝ። ዛሬም ይመጣል ብለው ይጠብቁታል። እኔ አለሁ ያልኩ ቀን እሱ ይሞትባቸዋል።»

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ይህን ሁሉ ዓመት ከሞተ ሰው ጋር ነው ለካ ባሌን የተጋራሁት! ቀጥሎ ግን በር ኮሽ ባለ ቁጥር የሚነሡትን እኚያን ሴትዮ አሰብኩና ንዴቴን ተውኩት።

ኦዴድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዜሮውን እኔ ልቀይረው?» አለ።

«አይሆንም፤ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

እሑድ፣ ድሮ የመንበሩን ተራ በሚይዝበት ቀን፣ ሥራ ገብቶ ቁጥሩን አስተካከለ። በሦስተኛው ሙከራ ሰባተኛው ጣቢያ ጠፋ፤ ጎረቤቶቹም ክፍተቱን አልሸፈኑትም። ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቀኝ።

አጠገቡ ቆሜ አነበብኩት። «ይድረስ ለእማማ ሙሉሽ» ይላል። «ያ ቅዳሜ የእኔ ተራ ነበር።»