በበራችን የሚያልፈው ባቡር

የአባቴን የስፌት መኪና መሳቢያ ስከፍት የሳሙና ሽታ ወጣ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጨርቅ የሚያሰምረው ባለቀ ሳሙና ነው።

ካዛንቺስ ሳለን፣ ልጅ ሆኜ፣ ለከተማው ባቡር ሊገባ ነው ሲባል ሰማሁና በዚያ ሳሙና ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሐዲድ ሣልኩ። ከቂርቆስ አስነስቼ፣ በኦሎምፒያ በኩል አዙሬ፣ በራችን ላይ አቆምኩት። ትምህርት ቤት በእግሬ መመላለስ ሰልችቶኝ ነበር።

አባቴ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየው።

«እኔ በሳሙና ያሰመርኩትን በኋላ ምን አደርገዋለሁ?»

«ትቆርጠዋለህ።»

«በይ እንግዲያው ከቤታችን ራቅ አድርጊው።»

ባቡር የማይወድ መስሎኝ አኮረፍኩ።

ሰፈራችን ከፈረሰ ቆይቷል። ትናንት በዚያ ሳልፍ፣ ቤታችን የነበረበት ባዶ ቦታ አጥር ላይ ወደፊት የሚሠሩ የባቡር መስመሮች ካርታ ተለጥፎ አየሁ። አንዱ ቀይ መስመር ልክ በራችን ላይ ያልፋል። ይሄን የሣለው ግን ልጅ አይደለም።

አባቴ አሁን የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ከተማው ዳር ነው፤ ለመድረስ ሦስት ታክሲ ይያዛል። መሳቢያውን ዘግቼ ስለ ካርታው ነገርኩት።

«እዚህስ ይደርሳል?» አለኝ።

«አይደርስም።»

«ተመስገን» አለ።